ኦዚትና ሲልቫን የማንም

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩ ዕለት አማቴ ኦዚት የልጁን ፊት አላየችም። እግሩን ነው ያየችው። አዋላጇ እትብቱን በቅጡ ቋጥራ ሳትጨርስ ሕፃኑን ከእጇ ነጥቃ ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች። መጠቅለያውን ገልጣ የግራ እግሩን ጣቶች አንድ በአንድ ነካካች፤ ከዚያ የቀኙን። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰችና መልሳ ጠቅልላ ሰጠችኝ።

"ማንን ይመስላል?" አልኳት።

"እ? እሱን እንኳ አላየሁም" አለችኝ።

እኔ ሉስ ነኝ፤ ሉስ የአማን፣ የዦዜፍ፣ የረኔ። ቁጡ ናት ይሉኛል፣ እውነታቸውን ነው። ምጥ ላይ ቆይቼ ጉልበቴ ቢያልቅም ምላሴ አላለቀም ነበር። "ልጄ የገበያ ፈረስ ነው እንዴ ሰኮናው የሚታየው?" ብዬ ጮህኩባት። ባሌ ዴዚሬ በበሩ በኩል "ኧረ ሉስ፣ በእመቤታችን!" ይላል። እሷ ግን የደሙን ጨርቅ ሰብስባ ወጣች።  ለምን እግሩን እንዳየች መቼ ጠየቅኩ፣ ንዴቴ አሳወረኝ። ያንን ነገር ለዓመታት በሆዴ ይዤባት ኖርኩ።

ዛሬ ኦዚት የለችም። የሕይወቷን ነገር የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ባሏ ከሞተ በኋላ፣ ከጎጆው ጀርባ ዓሣ በጨው ስንደረድር። እሷ እያለቀሰች እኔ እየተቆጣሁ ነው የሰማሁት። ከእኔና ከንስሐ አባቷ በቀር የሰማ የለም፣ እኔ ደግሞ ይዤው መቃብር አልገባም።

ኦዚት የተወለደችው በድሮው አገራችን ነው፤ አባቶቻችን ባሕሩን በጭቃ ግድብ መልሰው ስንዴ ያበቅሉበት በነበረው ረግረግ ዳር። አምስት ዓመቷ ሳለ የእንግሊዝ ወታደሮች መጡ። ወንዶቹን የንጉሥ ቃል ስሙ ብለው ቤተ ክርስቲያን አስገብተው ቆለፉባቸው። ቤቱን አቃጠሉ፣ ሰዉን በመርከብ ጭነው በየአገሩ ዘሩት። እኛ መፈናቀሉ እንለዋለን፤ ሌላ ስም አያስፈልገውም። በባሕሩ ዳር ግፊያ ላይ እናቷ ገና ጡት የሚጠባውን ወንድሟን ፍርሚንን እንደታቀፈች አንድ ጀልባ ውስጥ ገባች። ኦዚትን ከአያቷ ጋር ሌላ ጀልባ ውስጥ ወረወሯት። እናቷ ከዚያኛው ጀልባ ስትጣራ ሰምታለች። ምን እንዳለች ግን ነፋሱ በላው።

አባቷን ከዚያ ወዲያ ያየ የለም። በመርከቡ ሆድ ውስጥ፣ በዚያ ግማትና ጨለማ፣ አያቷ የሠራችው አንድ ሥራ ብቻ ነው። ልጅቷን ሐረጓን ማስቆጠር።

"ማን ነሽ?"

"ኦዚት።"

"ኦዚትማ ብዙ አለች። የማን?"

"የሻርል፣ የክሎድ፣ የማርተን፣ የበርናቤ።"

"ወንድምሽ ማን ነው?"

"ፍርሚን።"

"የበርናቤ ዘር ምልክቱ ምንድን ነው?"

"ግራ እግር።"

የእነሱ ዘር የግራ እግሩ ሁለት ጣቶች ተጣብቀው ይወለዳሉ፤ ሁሉም ባይሆን ብዙዎቹ። የአባቷም የእሷም እንደዚያ ነበር። የፍርሚንን እግር ግን አላስታወሰችም። አያቷን ልትጠይቃት ታስብ ነበር። ቦስተን በደረሱ በመጀመሪያው ክረምት አያቷ ሞተች፤ ጥያቄው በጉሮሮዋ ቀረ።

ቦስተን ውስጥ ለአንድ ገበሬ ቤት አገልጋይ አድርገው ሰጧት። ሃና ብለው ጠሯት። በቋንቋችን ስትናገር ከሰሟት እራት የለም። ስለዚህ ሐረጓን ውሃ ስትቀዳ ለባልዲው ነበር የምትነግረው፤ አፏን ወደ ባልዲው አስገብታ፣ የሻርል፣ የክሎድ፣ የማርተን። አንድ ቀን ማርተን ከአእምሮዋ ጠፋ። "ያን ቀን የሞትኩ መስሎኝ ነበር" አለችኝ። በማግሥቱ ላም ስታልብ ስሙ ተመለሰላት፣ እዚያው ላሟ ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች።

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆናት ከተረፉት ወገኖቻችን ጋር በእግሯ ወደ አገር ተመለሰች። ስንት ወር በጫካ። አገር ስትደርስ አገር የለም፤ በእርሻችን ላይ ሌሎች ሰፍረውበታል። ለእኛ የተተወልን ይሄ የቅድስት ማርያም ባሕረ ሰላጤ ነው፤ ድንጋይ፣ ጥድና ጭጋግ። እዚህ ስትደርስ እግሯ ቆስሎ አጥንቱ ይታይ ነበር ይላሉ።

በዚያን ጊዜ የባሕረ ሰላጤያችን ሐረግ ፈቺ አክስት ብሪጂት ነበረች። አክስትነቷ ለሁሉም ነው። ማን ከማን እንደሚወለድ፣ ማን ከማን መጋባት እንደማይችል፣ ካህን በሌለበት አገር እሷ ናት የምትፈታው። እሷ ደግሞ በመፈናቀሉ ጊዜ ከኦዚት እናት ጋር በአንድ መርከብ ነበረች። ኦዚት ይህን እንደሰማች እየዳኸች ማለት ይቻላል ቤቷ ሄደች።

"አክስቴ፣ እናቴስ?"

"እናትሽን እግዜር ወስዷታል ልጄ። በሰላም ነው የሄደችው።"

"ፍርሚንስ?"

ብሪጂት የኦዚትን የቆሰለ እግር አየች። ከዚያ "እሱን ሌላ ሴት ተቀበለችው። ከዚያ ወዲህ አላውቅም" አለቻት።

ኦዚት ያቺን ቃል ይዛ አደረች፣ ይዛ ኖረች። ሌላ ሴት ተቀበለችው። እንግዲያው አለ። የሆነ ቦታ አንድ ልጅ ያድጋል፣ የማን እንደሆነ ሳያውቅ። በየማታው መቁጠሪያው ተደግሞ ሲያበቃ በየቤታችን ሐረግ ይቆጠራል። የሞተውን "ነፍሱን ይማር" እንላለን፣ በሕይወት ያለውን "እግዜር ይጠብቀው"። ኦዚት ሁሉንም ነፍሱን ይማር፣ ነፍሷን ይማር እያለች ትወርድና ፍርሚን ላይ ስትደርስ "እግዜር ይጠብቀው" ትላለች። ያን ጊዜ ተስፋ ነበር። ተስፋ እንደነበር እኔም አምናለሁ።

ከዚያ ሲልቫን መጣ።

ከደቡብ በአንድ የዓሣ ጀልባ ነው የመጣው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሳቂታ። ወንዶቹ የሣር ሜዳውን ግድብ ሲጠግኑ ደርሶ አካፋ አነሣ። እኛ ዘንድ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ስሙን አይደለም።

"የማን ነህ?" አሉት።

"የማንም" አለና ሳቀ።

እነሱም ሳቁ፣ ስሙ እዚያው ተለጠፈበት። ሲልቫን የማንም። ያደገው በተፈናቃዮች መካከል ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉት ነው። ሕፃን ሳለ በመርከብ ላይ አንዲት ሴት ይዛው ተገኘች፤ እናቱ አልነበረችም፤ እሷም በንዳድ ሞተች። የማን ልጅ እንደነበረ የሚያውቅ አልተረፈም። ስሙን እንኳ ያወጡለት ያሳደጉት ናቸው።

ኦዚት ይህን ስትሰማ ከሴቶቹ ጋር ለሠራተኞቹ የጎመን ሾርባ ይዛ ግድቡ ላይ ነበረች። ያን ቀን ግን ምንም አላሰበችም። ሰውየው ቀልደኛ ነበር፣ እሷም በዚያን ዘመን መቀለድ ትችል ነበር አሉ። እኔ የማውቃት ኦዚት ስትቀልድ አላየኋትም።

"አንተ የማንም፣ ግድብ በእግር ነው የሚረገጥ፣ በምላስ አይጠብቅም!"

"አንቺ ነይ ርገጪው እንጂ፤ ቁጣሽ ብቻውን ድንጋይ ያህላል።"

"ገና ጢም ሳታበቅል በታላቆችህ ትቀልዳለህ?"

"አብቅዬ ብመጣ ትጠብቂኛለሽ?"

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። "ኦዚት ባል ብታጣ አሳድጋ ልታገባ ነው!" አሉ። በዕድሜ ትበልጠዋለች፤ አምስት ዓመት። አምስት ዓመት። ይህን ቁጥር ያሰበችው በበጋው መጨረሻ ነው፤ ወደደችውና፣ እሱም እንደወደዳት አወቀችና፣ አንድ እሑድ ሽማግሌዎቹ አጥር ሥር የጥድ ጠላቸውን እየጠጡ ጠፍቶ ኖሮ ሲመለስ ሳያውቅ ዘመዱን ስለወደደ ሰው ሲያወሩ ሰማች። "ምን ይደረግ፣ ሳይተዋወቁ እኮ ነው የተፋቀሩት። ዘር ከልጓም ይስባል" አለ አንደኛው።

ኦዚት ባልዲዋን አስቀመጠች። ያ ሰው ከባዕድ አገር መጥቶ፣ ከዚህ ሁሉ ሴት መካከል፣ ወደ እሷ የሳበው ምንድን ነው? እሷስ፣ ስንቱን ወንድ አልፈልግም ስትል ኖራ፣ ሳቁን በሰማች ቀን የተረታችው ለምንድን ነው? ሌላ ሴት ተቀበለችው። አንዲት ሴት ይዛው ተገኘች፤ እናቱ አልነበረችም። ዕድሜው የፍርሚን ልክ ነው። ሁሉም ልክ ነው። "ከራሴ እስከ እግሬ ቀዘቀዝኩ" አለችኝ። "መውደዴን ራሱን ፈራሁት።"

ከዚያ በኋላ ዓይኗ ከእግሩ አልነሣ አለ። ጭቃው ላይ ሁሉም በባዶ እግሩ ነው የሚሠራው፤ እሱ ግን ሁልጊዜ እግሩን በጨርቅ ይጠመጥማል። አንድ ቀን ብቻውን ሲያርፍ አገኘችው።

"እግርህን ለምን ትሸፍናለህ?"

"አያምርም።"

"ጠየቅኩህ አይደል፣ አሳየኝ።"

ሳቀና ጨርቁን ፈታ። የግራ እግሩ ጣት የለውም። ልጅ ሳለ በበረዶ ላይ ሲጓዙ ውርጭ ጣቶቹን በላቸው፣ ያሳደጉት ሰዎች በቢላ ቆረጡለት። ከአውራ ጣቱ ጉቶ በቀር ለጥ ያለ ጠባሳ ነው። "አስፈራሁሽ እንዴ?" አላት። ሻሏን ሰበሰበች። "አይ፣ በርዶኝ ነው" አለችው። ፀሐይ ነበረች።

አሁን ትጠይቁኛላችሁ፣ እኔም ጠይቄያታለሁ። ለምን ዝም አልሽ? ለምን አልነገርሽውም? ብትነግረው ያው ሰውየው ጀልባውን ይዞ ይሄዳል። ባትነግረው ደግሞ ብሪጂት አለች፣ ሐረግ ፈቺዋ ትከለክላለች። ፍርዱን ለብሪጂት ተወችው። እኔ ብሆን ግድቡ ላይ ቆሜ እጮህ ነበር፤ ግን እኔ ቦስተን ውስጥ ለባልዲ እያወራሁ አላደግኩም።

ሐረግ መፍታት እንዲህ ነው። የሁለቱ ወገን ተቀምጦ ብሪጂት የሱፍ ክር ትይዛለች፤ አንዱ ለወንዱ፣ አንዱ ለሴቷ። ከአባት ወደ አያት እየቆጠረች ትወርዳለች፤ የጋራ አያት በተገኘ ቁጥር ሁለቱን ክር ትቋጥራለች። ቋጠሮው ቅርብ ከሆነ ጋብቻ የለም። ሲልቫን ኦዚትን ሊያገባ ጠይቆ፣ አንድ እሑድ ከጸሎት በኋላ የብሪጂት ቤት ሞላ። የኦዚት ክር ረጅም ነበር። ለሲልቫን ብሪጂት ክር እንኳ አላነሣችም። ባዶ እጇን ጭኗ ላይ አደረገች።

"ክር የለውም" አለች በመጨረሻ። "ቋጠሮም የለውም። ይጋቡ።"

ሰው ሁሉ ተንጫጫ። ክር ለሌለው ሰው ፈቅዳ አታውቅም።

"አክስቴ፣ በምን አወቅሽ?" አለች ኦዚት።

"አውቃለሁ አልኩ።"

"ብትሳሳቺስ?"

"ልጄ፣ እኔ ብዙ ኃጢአት አለብኝ። በሐረግ ግን ተሳስቼ አላውቅም።"

ከዚያ ተነሣችና ሲልቫንን በእጁ ይዛ ወደ እንጨት ክምሩ ወሰደችው። ኦዚት በመስኮት ታያለች። ብሪጂት ትናገራለች፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

"ምን አለችህ?"

"ሚስትህን በደንብ ያዛት አለችኝ።"

ለዚህ ሰው ያለቅሳል? ኦዚት አላመነችውም። ብሪጂት አዝናልኝ ነው፣ ዕድሜዬ ሲሄድ አይታ ነው፣ ዓይኗን ጨፍና ነው የፈቀደችው አለች በልቧ። ያም ሆኖ አገባችው። ብሪጂት በዚያው ክረምት ሞተች፣ የሚጠየቅ ሰውም አብሮ ተቀበረ።

ካህን የመጣው በተከታዩ በጋ ነው። ጋብቻዎቹን ሁሉ ባረከ፣ ሕፃናቱን አጠመቀ፣ ንስሐ ተቀበለ። ኦዚት ተንበርክካ የወተት ስስቷን፣ ቁጣዋን፣ ሐሜቷን ሁሉ ተናዘዘች። ያችን አንዷን ግን ዋጠቻት። ብትናገር ይለያዩዋቸዋል። ሳትናገር ቆረበች፤ ቁርባኑ ላንቃዋ ላይ ተጣብቆ አልወርድ አላት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እንዲሁ። ሲኦል ለእሷ የሩቅ አገር አልነበረም፤ ማታ ማታ በትራሷ ሥር ነበር።

በልቧም አንድ ሕግ አወጣች፤ ማንም አላስተማራትም። በበርናቤ ዘር የሚጣበቀው የግራ እግር ብቻ ነው። ከእኔ ወገን ብቻ ከመጣ፣ ግራው። ከሁለታችንም ከመጣ፣ ሁለቱም። ዴዚሬ፣ የእኔ ባል፣ ሲወለድ ግራው ብቻ ነበር። ቀጥላ የተወለደችው ሴት ልጅ ምንም አልነበረባትም። ኦዚት መብላት ጀመረች፣ አንዳንዴም ታንጎራጉር ነበር። ሦስተኛው ወንድ ነበር። ሁለቱም እግሩ።

ያ ሕፃን ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ። ከወለደች ገና ደሟ ሳይደርቅ ተነሥታ የራሷን የሱፍ ካልሲ እስከ ጉልበቱ አለበሰችው። ሲልቫን "ልየው" ሲላት "አይሆንም" አለችው። "ልጄ አይደለም እንዴ? እግሩን ልሳመው" አላት። እንደ አውሬ ጮኸችበት። ከነካልሲው ተቀበረ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ደረሰ። ከዚያ በኋላ ጥርጣሬ አልነበራትም።

እኔ ምራት ሆኜ ስገባ ያገኘኋት ይህችን ሴት ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚሉት፣ የበር ጩኸት ያስደነግጣታል። ልጅ ቢያስነጥስ ትነጣለች። ካህን መጣ ሲባል ትታመማለች። በየፀደዩ የመጀመሪያው መርከብ ሲታይ ሥራዋን ጥላ ወደ ባሕሩ ዳር ትሮጣለች፤ የሚወርደውን ሰው አንድ በአንድ እያየች ትቆማለች። ሲልቫን ቀስ ብሎ ከኋላዋ ይሄድና ካፖርቱን ትከሻዋ ላይ ጣል ያደርጋል፣ አጠገቧም ይቆማል። እኔም፣ አገሩም፣ ወንድሟን የምትጠብቅ ይመስለናል። እውነትም ትጠብቀው ነበር። እውነተኛው ፍርሚን ከአንዱ መርከብ ወርዶ "እኔ ነኝ" ቢላት ከሲኦል ትወጣለች።

ማታ ማታ ደግሞ ሐረግ ይቆጠራል። ነፍሱን ይማር፣ ነፍሷን ይማር፣ "ፍርሚን፣ እግዜር ይጠብቀው።" ይህን ስትል ዓይኗን ትጨፍናለች። ሲልቫን ከጎኗ ሆኖ "አሜን" ይላል። ዘወትር ትንሽ ዘግየት ብሎ።

ባለፈው የበረዶ መቅለጥ ወራት ነው ሲልቫን የወደቀው። የግድቡን መዝጊያ በረዶ ሰብሮት ሊጠግን ገብቶ እስከ ደረቱ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዋለ። ሳንባውን ያዘው። እኔ ሁለተኛውን ልጅ አርግዤ ሆዴ ገፍቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ዴዚሬ ልጃችንን ጎረቤት ትቶ ካህን ፍለጋ በጀልባ ሄዷል፤ ቤት ውስጥ ሦስታችን ብቻ ነን። ሲልቫን ዓይኑን ገለጠ።

"ኦዚት" አለ። "አንድ ነገር ደብቄሻለሁ። ካገባሁሽ ጀምሮ።"

ፊቷን ብታዩት! ነጭ ጨርቅ ሆነ። ዘላ ተነሣችና አፉን በእጇ ከደነችው። "አትናገር!" አለች። "እባክህ፣ በእመቤታችን፣ አትናገር! አልሰማም!"

ሰውየው ትንፋሽ የለውም፣ እሷ ደግሞ አፉን ትጫናለች። እኔ ምን እንደሆነ መቼ ገባኝ? "እማማ፣ ሰውየውን ልትገድይው ነው!" ብዬ እጇን ይዤ ጎተትኩ። አይለቅም። ያቺ ቀጭን እጅ እንደ ብረት ሆነች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ነው ያላቀቅኳቸው። ጆሮዋን ይዛ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

"ይናገር" አልኳት። "ሰው ሸክሙን ይዞ አይሄድም።"

ሲልቫን ቀስ እያለ ተናገረ። "ፍርሚን ሞቷል ኦዚት። ያኔ፣ መርከቡ ላይ። ከእናትሽ በፊት። ብሪጂት በራሷ ሻል ጠቅልላ በገዛ እጇ ነው ባሕር ውስጥ ያወረደችው።"

ኦዚት እጇን ከጆሮዋ አወረደች።

"ምን አልክ?"

"በእግርሽ ስትመጪ ቁስልሽን አይታ፣ በአንድ ቀን ሁለት መርዶ ትሞትብኛለች ብላ ፈራች። ሌላ ሴት ተቀበለችው አለችሽ። በፀደይ እነግራታለሁ እያለች ፀደዩ ሁሉ አለፈ። በሠርጋችን ጊዜ እንጨት ክምሩ ጋ ለእኔ ነገረችኝ። ጊዜ ጠብቀህ አንተ ንገራት፣ ከባል አፍ ይሻላል አለችኝ።"

"ለምን... ለምን አልነገርከኝም?"

"እንዴት ልንገርሽ? በየማታው እግዜር ይጠብቀው ስትዪ፣ በየፀደዩ ወደ መርከብ ስትሮጪ... ያቺን ተስፋሽን በምን አፌ ልቁረጥ? ዛሬ ነገ ስል አረጀሁ።" ሳል ያዘውና ደም ጠረግኩለት። "አሁን ወደ እሱ ልሄድ ነው። እዚያ ሳገኘው ነፍሱን ይማር ያለው ሰው እንዲኖር እፈልጋለሁ።"

የዋህ ሰው ነበር። ወንድሟ እንደሞተ ያወቀ ሰው ደግሞ ወንድሟ ነኝ ወይ ብሎ እንዴት ይጠርጥር? ጉድጓዱ መደፈኑን የሚያውቅ ሰው ልጅ ይወድቅበታል ብሎ አይሰጋም። እሷ እየፈራች ዓይኗን ስትጨፍን፣ እሱ እየጓጓች ነው ይል ነበር። በአንድ አልጋ፣ በአንድ ብርድ ልብስ።

ኦዚት አየችው። ያን አስተያየት መናገር አልችልም። ሁሉንም ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር፣ አየሁት።

"ተቀየምሽኝ?" አላት።

አፏን ዘጋች። ከዚያ ወደ አልጋው ተሳበችና ጣት አልባውን እግሩን በሁለት እጇ ያዘች። "አልተቀየምኩም" አለችው። "ደግ አደረግህ። ተስፋዬ ነበር።"

እሱም ፈገግ አለ። ካህኑ ከመድረሱ በፊት ነፍሱ ወጣች።

ታሪኩን ሁሉ የነገረችኝ ከቀብሩ በኋላ ነው፣ ዓሣውን ስንደረድር። ሰምቼ ስጨርስ ጨው የያዘ እጄን መሬት ላይ መታሁ። "እማማ፣ ይህን ሁሉ ዘመን! አንድ ቀን ለምን አልጠየቅሽውም?"

"ብጠይቀውና አዎ ቢለኝስ?" አለችኝ።

አንድ ዓሣ ላይ ጨው ነሰነሰችና ደግሞ፣ "ሉስ፣ እንግዲያው የዚያ የልጄ ሁለቱ እግር ምን ነበር?"

"ጣት ነበር እማማ" አልኳት። "ጣት ብቻ ነበር።"

"ሳይስመው ቀበርኩት" አለች። ከዚያ ወዲያ ስለ እሱ አላነሣችም። ያን ማታ ሐረግ ስትቆጥር "ፍርሚን" አለችና ቆመች። ሁላችንም ጠበቅን። "ነፍሱን ይማር" አለች፣ ከዚያ ፀጉሯን ይዛ እየጮኸች አለቀሰች፤ ልክ ያን ዕለት የሞተ ይመስል። ጎረቤት ሁሉ ደንግጦ መጣ። አንድ ሕፃን ሞተብን አልኳቸው፤ ምን ልበል ታዲያ?

በበጋው ወለድኩ። ወንድ ነው። አዋላጇ ሕፃኑን ለኦዚት ስትሰጣት እኔ አልጋው ላይ ሆኜ አያታለሁ። ወደ መስኮቱ አልሄደችም። መጠቅለያውንም አልነካችም። ግንባሩን ከግንባሯ አገናኝታ ብዙ ጊዜ አየችው።

"ሲልቫንን ነው የሚመስለው" አለች። "ፍርሚን በሉት። ፍርሚን የዴዚሬ፣ የሲልቫን።" ከሲልቫን በላይ ልትቀጥል ሞከረች፣ የለም። "በቃ፣ ከእሱ ይጀምር" አለች። በዚያው ክረምት በእንቅልፏ ሞተች፤ አስቀድማ ግን ተናዝዛ ነበር።

ያን ዕለት ግን፣ ልጁን አጠገቤ አስተኝታ እሷ ሾርባ ልታመጣ ስትወጣ፣ አዋላጇም ስትሄድ፣ በሩ እስኪዘጋ ጠበቅኩ። ምንም የምፈራው ነገር አልነበረም። ሁሉንም አውቃለሁ፣ ሁሉም ተፈትቷል። እንደዚያም ሆኖ መጠቅለያውን ገለጥኩ። የግራው ሁለት ጣቶች ተጣብቀዋል። ከዚያ ቀኙን አየሁ። ደህና ነው። ሰው ሳያየኝ መልሼ ሸፈንኩት።